የውሻ ቤት መስሏችሁ ስላፈረሳችሁት ጎጆ

ለክቡር ዶን ኢግናሲዮ ሶላሬስ
የ«ቤት በሰባት ቀን» በጎ አድራጎት ማኅበር ዋና ዳይሬክተር
ጓቴማላ ከተማ

ጉዳዩ፦ በገዛ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ጎጆ መልሰን እንድንሠራ ፈቃድዎን ስለመለመን፣ እንዲሁም ስለ ብዙ ምስጋና

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ እጅዎ ስትገባ እርስዎን፣ የተከበሩ ባለቤትዎን፣ ልጆችዎን፣ እንዲሁም ባለፈው ከተራራው ወርጄ በአውቶቡስ ስመጣ «ዶን ኢግናሲዮ ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለ ከረፋዱ ጀምሮ እስኪመሽ ድረስ በር ላይ በትሕትና ያቆመኝን ዘበኛዎን ጭምር በሙሉ ጤንነት ታገኛችሁ ዘንድ ምኞቴ ነው። ስብሰባው በሰላም እንዳለቀ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ እዚህ፣ ጉሙና ውርጩ ካልሆነ በስተቀር፣ ደኅና ነን።

ግልጽ ደብዳቤ ለመጻፍ የተገደድኩት ዝግ ደብዳቤዎቼን የሚከፍትልኝ ሰው ስላጣሁ ነው። የደብራችን ቄስ አባ ሴቬሪኖ በቤተ ክርስቲያኑ ሬዲዮ ሊያነቡልኝ ፈቅደዋል። ከበቆሎ ገበያና ከጠፉ በጎች ማስታወቂያ ቀጥሎ ስለሚነበብ፣ ደጋው በሙሉ እርስዎን ለማመስገን ጆሮውን አቅንቶ ይጠብቃል።

ማን እንደሆንኩ ለማስታወስ አይቸገሩም። ፌርሚና ተማኽ እባላለሁ፤ የቱይፓክ መንደር ነዋሪ ነኝ፤ በማኅበርዎ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ደግሞ የመጋቢት ወር ነኝ። ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ የምታለቅሰው፣ ከሥሯም «የደስታ እንባ» ተብሎ የተጻፈላት ሴትዮ እኔ ነኝ። ፎቶው ብዙ ለጋሽ እንዳስገኘልዎ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ስለ እንባው ግን ትንሽ ቆይቼ የምለው አለኝ።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ፣ ውለታ ቢስ ናት እንዳይሉኝ። ቤት ሠርታችሁልናል። ግድግዳው ብሎኬት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ በሩ የሚቆለፍ ነው። ጣሪያው አያፈስም፤ ይህን የምለው በሽሙጥ አይደለም፣ እውነትም አያፈስም። በአሮጌው ቤታችን ዝናብ በመጣ ቁጥር ድስትና ባልዲ ይዘን ስንሯሯጥ ለኖርን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። እግዚአብሔር ዓለምን በስድስት ቀን ፈጥሮ በሰባተኛው ማረፉን አባ ሴቬሪኖ ነግረውናል፤ የእርስዎ በጎ ፈቃደኞች ግን በስድስት ቀን ሠርተው በሰባተኛው ፎቶ ተነሡ። ፈጣሪ ይህ ዘዴ ሳያመልጠው አልቀረም።

ብሎኬቱም ቢሆን አይታማም። የቀኑን ፀሐይ በፍጹም አያስገባም፤ የሌሊቱን ውርጭ ግን ተቀብሎ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ያስተናግደዋል። እንግዳ መቀበልን ከመንደራችን ሰው የተማረ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ የክቡርነትዎን ጊዜ ላለመሻማት፣ ቅሬታዎቼን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ከቤታችን ስለተሸኘንበት ሽርሽር

ግንባታው ሊጀመር ሲል «ሰርፕራይዝ ነው» ተብለን ከገዛ ግቢያችን እንድንወጣ ተደረገ። የበጎ ፈቃደኞቹ መሪ ወይዘሮ ማርሊን፣ ዕድሜ ይስጣትና ደግ ሴት ናት፣ ሁለቱን እጆቼን ይዛ በአስተርጓሚዋ በኩል በስፓኒሽ «ማማ ፌርሚና፣ ሳያልቅ ካየሽው ደስታው ይበላሽብሻል» አለችኝ። ባለቤቴ ኤውሴቢዮ ባርኔጣውን እያሸ በጆሮዬ፣ «መሬቱ የኔ፣ ግቢው የኔ፣ ሰርፕራይዙ ለማን ነው?» አለኝ።

«አንተ ሰውዬ ዝም በል፤ ጣሪያ ሊሰጡህ ነው» አልኩት።

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኛ ግን ነቀዘ። ዕቃችንን፣ ዶሮዎቻችንንና ነፍሰ ጡሯን ልጄን ዴልፊናን ይዘን ከገደሉ ማዶ እኅቴ ዘንድ ሄድን። ከእኅቴ ደጃፍ ሆነን የመዶሻውን ድምፅ እንሰማለን፣ አናይም። ሰው ቤቱ ሲሠራለት እንዳያይ መደረጉ ለደስታው ከሆነ፣ እርስዎም ጥርስዎን ሲያስነቅሉ ሐኪሙ የትኛውን እንደሚነቅል እንዳይነግርዎ እመኛለሁ።

የዴልፊና ባል ራሚሮ በዚያ ሰሞን ስልክ ደወለ። ራሚሮ እነዚህ በጎ ፈቃደኞች ወደ መጡበት አገር በእግሩ በረሃ አቋርጦ ገብቶ እዚያ የሰው ጣሪያ ሲከድን የሚውል ልጅ ነው። ነገሩን ስነግረው፣ «እማ ፌርሚና፣ እኔ እዚህ የእነሱ ጣሪያ ላይ ወጥቻለሁ፣ እነሱ እዚያ የእኔ ጣሪያ ላይ ወጥተዋል። ለምን ሁላችንም ወርደን ወደየቤታችን አንገባም?» አለኝ። ጥያቄው ለእኔ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ለክቡርነትዎ አስተላልፌዋለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ ጎጆዋ

በእኛ ማም በምንባለው የደጋ ሕዝብ ዘንድ ቤት፣ ማድቤትና ቹኽ የሌለው ግቢ ግቢ አይባልም። እርስዎ የከተማ ልጅ ስለሆኑ አያውቋት ይሆናል። ቹኽ ከድንጋይና ከጭቃ የምትሠራ፣ በእጅና በጉልበት እየተዳኸ የሚገባባት፣ ውስጧ በጢስ የጠቆረ ዝቅ ያለች ጎጆ ናት። ድንጋይ አግለን ውኃ እየረጨንበት በእንፋሎቱ እንታጠብባታለን። ወገቡን ያመመው ይገባባታል፤ ብርድ የመታው ይገባባታል፤ ከሁሉ በላይ ግን የአራስ ናት። አራስ ሴት ሰውነቷ ክፍት ነው። ብርድ ገብቶ እንዳይቀመጥባት፣ ወተቷም እንዲወርድላት፣ አዋላጅዋ ከነልጇ አስገብታ በቅጠል እየመታች፣ ሆዷን እያሸች ታሞቃታለች። የእኛን ቹኽ የሠራት የባለቤቴ አባት ነበር። እኔ ከአምስት ወሊድ የተነሣሁት እዚያች ውስጥ ነው።

ውሻችን ሶምብራ ታዲያ፣ ድንጋዩ ሙቀት ስለሚይዝ፣ ቀን ቀን ደጃፏ ላይ ይተኛል። የእርስዎ በጎ ፈቃደኛ ልጆች መጡና አዩ፦ ዝቅ ያለች በር፣ ጥቁር ጓዳ፣ በሩ ላይ የተኛ ውሻ። «ምስኪን! በዚህ ውስጥ ነው የሚኖረው?» ተባባሉ አሉ። ኮዲ የሚባለው ትከሻው እንደ በሬ የሰፋ ልጅ ትልቁን መዶሻ አንሥቶ በርኅራኄ ናዳት።

ይህን ሁሉ የሰማነው ከጎረቤታችን ከታት፣ ማለትም ከአባባ፣ ማክሲሞ ነው። ሽማግሌው መዶሻው ሲነሣ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ እጁን እያወናጨፈ፣ «ኧረ ተዉ! ኧረ የሰው ቹኽ ናት! ኧረ በእናታችሁ!» እያለ ጮኸ። እነሱም ደስ ብሏቸው እጃቸውን እያወናጨፉ ሰላም አሉት። አስተርጓሚው የት ነበር ካሉኝ፣ እዚያው ነበር፤ ከዋና ከተማው የመጣ ልጅ ስለሆነ ግን የእኛን ቋንቋ ከነጮቹ የበለጠ አያውቅም። «ሽማግሌው በርቱ እያሉ ነው» ብሎ ተረጎመላቸው። በረቱም።

በሰባተኛው ቀን ዓይናችን በሻሽ ተሸፍኖ፣ በክንዳችን ተይዘን፣ በጭብጨባ ገባን። ሻሹ ሲፈታ ሁሉም ሰው ቤቱን እንዳይ ፊት ለፊት አቁሞኛል። እኔ ግን ሴት ነኝና ዓይኔ አስቀድሞ የሄደው ልጄ ወደምትታረስባት ጥግ ነበር። ጥጓ ባዶ ናት። ዴልፊና ክንዴን ጨምድዳ ይዛ «እማ፣ ቹኻችን የት ሄደች?» አለችኝ። ያኔ ነው ፊቴን በእጄ የያዝኩት።

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ መጣልኝ። ወይዘሮ ማርሊን አቀፈችኝና አብራኝ አለቀሰች። ኮዲ አቀፈኝና አለቀሰ። ልጆቹ በሙሉ ተሰልፈው እያቀፉኝ ባለቀሱ ቁጥር እኔም የባሰ አለቀስኩ፤ እኔ የባሰ ባለቀስኩ ቁጥር እነሱ የባሰ ደስ አላቸው። ካሜራውም ሥራውን ሠራ። እነሆ የመጋቢት ወር ሆንኩልዎ።

ልጆቹን አልጠላኋቸውም፤ ይህን በሬዲዮ ሁሉም ይስማልኝ። ኮዲ እንስራ ሙሉ ውኃ ከምንጩ ተሸክሞ አምጥቶልኛል፤ በቅጠል ጠቅልዬ የቀቀልኩትን የበቆሎ ታማል ሁሉ በልቶ ቅጠሉን እንኳ ሊበላ ምንም አልቀረውም። የገዛ ልጄ ቢሆን በጆሮው ይዤ ድንጋዩን አንድ በአንድ አስመልሰው ነበር። የሰው ልጅ ሆነብኝ።

ሦስተኛ፦ በምትኩ ስለተሰጠን ስጦታ

የተወሰደብንን ያለ ምትክ አልተዋችሁንም፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ቹኻችን በነበረችበት ቦታ ላይ የውሻ ቤት ተሠርቶልናል። ከጥሩ ጣውላ የተሠራ ነው፤ ክዳን አለው፣ ሰማያዊ ቀለም አለው፣ መስኮትም አለው። በሩ ላይ «ሮኪ» ተብሎ ተጽፎበታል። የውሻው ስም ሶምብራ መሆኑን የሚነግራቸው አልነበረም፤ የጠየቀም አልነበረም።

ክቡር ሆይ፣ በቱይፓክ ውሻ ቤት ኖሮት አያውቅም፤ ውሻ ግቢ ነው ያለው። ስለዚህ የመንደሩ ሰው ለማየት ከሩቅ ይመጣ ጀመር። «እናንተ የሀብታም ውሾች!» እያሉ ልጆቼን በገበያ ይቀልዱባቸዋል። ታት ማክሲሞ ራሱ በመስኮቱ አጎንብሶ አይቶ፣ «ፌርሚና፣ ከኔ ቤት ይሻላል፤ ሮኪ ካልፈለገው አከራዪኝ» አለኝ። ሶምብራ እስከዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ አልገባበትም። ከፊት ለፊቱ ጭቃ ላይ ተኝቶ በጥርጣሬ ያየዋል። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይህ ነው።

አራተኛ፦ ስለ ፎቶግራፉ

አዝነን ብቻ አልተቀመጥንም። ኤውሴቢዮ «ምን ችግር አለ፣ የውሻውን ቤት ነቅለን ቹኻችንን መልሰን እንሠራለን» አለ። አካፋውን ካነሣ በኋላ ነው ከማኅበርዎ ጋር በፈረምነው ውል ላይ ያለው ነገር ትዝ ያለን። ለጋሾቹ በዓመቱ ተመልሰው እስኪጎበኙ ድረስ የግቢው መልክ በሰባተኛው ቀን ከተነሣው ፎቶ መለየት የለበትም፤ በግቢው ውስጥም አንዳች ነገር መሥራት ክልክል ነው፤ ይህን ከጣስን የቤቱ ርክክብ ይቀራል። አሮጌው ቤታችን ፈርሷል። ይህን ቤት ካጣን የምንገባበት የለንም።

ስለዚህ ወደ ቢሮዎ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ሴኞሪታ ሎሬና የምትባል ድምጿ እንደ ማር የሆነ ልጅ ናት።

«ወይዘሮ ፌርሚና፣ መታጠቢያ ከሆነ የፈለጉት፣ ቤቱ ውስጥ ሻወር አለ እኮ!»

«አለ ልጄ፤ ውኃ የለውም እንጂ።»

«ቧንቧው በሁለተኛው ዙር ነው።»

«ሁለተኛው ዙር መቼ ነው?»

«ለጋሽ ሲገኝ ነዋ።»

«ልጄ ልትወልድ ነው፤ ሆዷ ለጋሽ አይጠብቅም» አልኳት።

«ጤና ጣቢያ ትውለዳ!»

«እሺ፣ ጤና ጣቢያ ትውለድ። ወልዳ ስትመለስስ? በዚህ ሲሚንቶ ላይ ላስተኛት ነው?»

«ጎረቤት ዘንድ ሄዳ ትታጠብ» አለችኝ። የታት ማክሲሞ ቹኽ ለአንድ ሽማግሌ እንጂ ለአራስና ለአዋላጅ አትበቃም፤ ሌላዋ ያለችው ከገደሉ ማዶ ነው። አራስ ሴት በዚህ ውርጭ ገደል ወርዳ፣ ገደል ወጥታ፣ አልቧት፣ ደግሞ ገደል ወርዳ፣ ገደል ወጥታ እንድትመለስ መሆኑ ነው። ሴኞሪታ ሎሬና ገና አልወለደችም መሰለኝ። ስትወልድ አንድ ሰው በፎቅ ደረጃ ላይ ያመላልሳትና እናያለን።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ጻፍኩ። ደገምኩ። ራሴ መጥቼም ትሑቱን ዘበኛዎን ተዋወቅሁ። አሁን ለመጨረሻ ጊዜ፣ በሕዝብ ፊት፣ ጎንበስ ብዬ እለምንዎታለሁ፦ ዴልፊና ከመውለዷ በፊት፣ ከውሻ ቤቱ ኋላ፣ ካሜራው በማይደርስበት ጥግ፣ አንዲት ጎጆ እንድንሠራ ይፍቀዱልን። ከፈለጉ ሰማያዊ እንቀባታለን። ከፈለጉ «ሮኪ ቁጥር ሁለት» ብለን እንጽፍባታለን። ጎብኚዎች ሲመጡ ሶምብራን ደጃፏ ላይ አስተኝተን

ክቡር ሆይ፣ ከላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ መቅረቱን ይቅር ይበሉኝ። እዚያ ላይ ሳለሁ ዴልፊና «እማ!» ብላ ጮኸች፤ ብዕሩን ጥዬ ሮጥኩ። ምጡ ከቀኑ ቀድሞ መጣ። ደብዳቤውን አሁን ነው መልሼ የያዝኩት፤ በመካከሉ ብዙ ነገር ስለሆነ የሆነውን ልንገርዎ።

አዋላጅዋ ናን፣ ማለትም እማማ፣ ኒኮላሳ በትሯን ተመርኩዛ ዳገቱን ወጥታ መጣች። ናን ኒኮላሳ ግማሹን መንደር በእጇ የተቀበለች አሮጊት ናት፤ ስትቆጣ ቄሱም ይፈሯታል። ወደ ቤት ከመግባቷ በፊት፣ እንደ ልማዷ፣ ወደ ጥጉ ሄደች። ቆመች። የውሻውን ቤት አየችው።

«ቹኻችሁ የታለች?»

«ፈረሰች፣ ናን።»

«ማን አፈረሳት?»

«በጎ አድራጊዎች።»

«ጠላት አጥታችሁ ነው?» አለች።

ከዚያ ገብታ የክፍሉን ግድግዳ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ወለሉን በባዶ እግሯ ነካችው። «ልጅቷ እስክትወልድ እኔ አለሁ። ከወለደች በኋላ ግን በዚህ ውስጥ አላስተኛትም። ይህ ሬሳ የሚያሳድሩበት ነው። ኤውሴቢዮ፣ አንተ ወንድ አይደለህም እንዴ? እኔ የእኔን እሠራለሁ፣ አንተ የአንተን ሥራ!»

ኤውሴቢዮ ደጅ ቆሞ ባርኔጣውን ያሽ ጀመር። «ግቢ ውስጥ ከሠራሁ ቤቱን ይወስዱብናል፣ ናን» አላት።

«ቤቱ ውስጥስ?» አለች ከውስጥ፣ ልጄን እንደ ደገፈች።

«ምን?»

«ደንቆሮ! ቤቱ ውስጥ አትሥሩ ብለዋል ወይ?»

ኤውሴቢዮ አሰበ። እኔም ከዴልፊና ራስጌ ሆኜ አሰብኩ። አልተባልንም ክቡር ሆይ። ግቢው ነው የታሰረው፤ ፎቶው የተነሣው ከውጭ ነው።

ታት ማክሲሞ ወጥቶ መንደሩን ጠራ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርዎ፦ ለቹኽ የተገኘው ድንጋይ ሁሉ አይሆንም። እሳት ያልለመደ ድንጋይ ሲግል ይፈነዳል፤ ዓይን ያጠፋል። የእኛ ድንጋዮች እሳት የለመዱ ነበሩ፤ ልጆቹ ግን ኖራ ቀብተው የአበባ መደብ ዳር ደርድረዋቸዋል፤ አሁን የፎቶው አካል ናቸውና አይነኩም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከገዛ ቹኹ ውስጥ አንድ አንድ ድንጋይ ነቅሎ አመጣ። የማይነጋገሩ ሰዎች አመጡ። በመሬት ወሰን ከኤውሴቢዮ ጋር የተካሰሰው ሰው ድንጋዩን አምጥቶ በሩ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ወንዶቹ ትልቅ መስኮት ያለውን ክፍል፣ ሴኞሪታ ሎሬና «ሳሎን» የምትለውን፣ ያዙት። ጭቃው ተቦካ። አንዱ ግድግዳ ለጢስ መውጫ ተቦረቦረ፤ ብሎኬቱ እንደፈራነው አላስቸገረም፣ በቀላሉ ነው የተበሳው፤ ለዚህም ግንበኞችዎን አመሰግናለሁ። ከመጋረጃው ወዲህ ልጄ ታምጣለች፤ ከመጋረጃው ወዲያ ወንዶቹ «ጭቃ አቀብል! አንተ ደግሞ ቀጥ አድርገው፣ የሰባት ቀን ቤት አደረግከው እኮ!» እያሉ ይሠራሉ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሴት ልጅ ተወለደች። እንኳን ማርያም ማረችሽ ተባለ። ልጅቷ ትንሽ ናት፤ ከቀኗ ቀድማ የመጣች ናት፤ ከንፈሯ ከብርዱ የተነሣ ሰማያዊ ነበር። ፈራሁ። አልዋሽዎትም፣ በጣም ፈራሁ። ልብሳችንን ሁሉ አውልቀን ብንደርብላትም እግሯ አልሞቅ አለ። ናን ኒኮላሳ ከእናቷ ደረት ላይ አጣብቃ ይዛት «ፍጠኑ!» እያለች ወንዶቹን ትሰድባለች።

ጭቃውን በእሳት አደረቅነው። ዴልፊናን ደገፍናት፤ ሕፃኗን ታቅፋ፣ አሥር እርምጃ እንኳ ሳትራመድ፣ ንፋስ ሳይነካት፣ በጉልበቷ እየዳኸች ገባች። ናን ኒኮላሳ ተከትላ ገባች። ውኃው ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ጮኸ። እኛ ውጭ ተቀምጠን ጠበቅን፤ ወንዶቹም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ጠበቁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከውስጥ የልጄ ድምፅ መጣ፦

«እማ፣ ሞቀን።»

ያኔ አለቀስኩ። ካሜራ የያዘ ሰው አልነበረም።

ሕፃኗ አሁን ትጠባለች። እግሯ ሞቋል። ስታለቅስ ከገደሉ ማዶ እኅቴ ትሰማታለች። ራሚሮ በስልክ ድምፅዋን ሰምቶ፣ ከነማን ጣሪያ ላይ እንዳለ እንጃ፣ «እንደገና አሰሙኝ» አለ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከላይ ፈቃድ የለመንኩበትን ክፍል እንዳልተጻፈ ይቁጠሩልኝ። ያልሰረዝኩት ብዕሬ ቀለም ስላነሰው እንጂ ሐሳቤን ስላልለወጥኩ አይደለም። ግቢያችን ከፎቶው አንዲት ጠጠር አልጎደለም። ለጋሾችዎ በዓመቱ ሲመጡ ሁሉንም ነገር እንደተዉት ያገኙታል፤ በአንደኛው ግድግዳ ቀዳዳ ጢስ ሲወጣ ካዩ፣ የተሠራው ቤት ሰው እንደሚኖርበት ማረጋገጫ ነው ብለው ያስረዱልኝ። «እንግዲያው ቤቱን እንወስዳለን» ካሉም፣ ወረቀቱ እጅዎ ላይ ነው፤ የምንሄድበትም የለንም፤ ይህን አውቀው ያድርጉት። ኤውሴቢዮ ተረጋግቶ ነው ያለው። «ይውሰዱት፤ ግን ሳሎናቸው ውስጥ ያለችውን ጎጆ ራሳቸው ያፍርሷት፤ እኔ የሰው ቹኽ አላፈርስም» ብሏል። መንደሩም ድንጋዮቹ የማን የማን እንደሆኑ ስለሚያውቅ፣ ለማፍረስ የሚመጣው ሰው ቱይፓክን በሙሉ ቤት ለቤት እየዞረ ማስፈቀድ ይኖርበታል። መልካም ዕድል እመኝለታለሁ።

ለማኅበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመዶሻዎቻችሁ ዕረፍት፣ ለስብሰባዎችዎ ፍጻሜ፣ ለክቡርነትዎ ደግሞ በቱይፓክ ውርጭ ልክ የጸና ጤንነት እየተመኘሁ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ ማለት ወንበሩ ለአራሷ ስለተሰጠ፣ እሰናበትዎታለሁ።

የውለታዎ ባለዕዳ
ፌርሚና ተማኽ
ከቱይፓክ መንደር

ግልባጭ፦
ለአባ ሴቬሪኖ፣ በሬዲዮ ቀስ ብለው እንዲያነቡት
ለሴኞሪታ ሎሬና፣ ስትወልድ እንድታስታውሰን
ለወይዘሮ ማርሊንና ለኮዲ፣ በፍቅር፤ ያው አስተርጓሚ እንዳይተረጉመው ብቻ

ማስታወሻ፦ ሁኔታውን በዓይኑ አይቶ እንዲመሰክር አንድ ኃላፊ ሊልኩብን እንደሚችሉ ይገባኛል። ደስ ይለናል፤ ታማልና ትኩስ አጥሚት አይጠፋም። አደራዎን ግን፣ እንደተለመደው በጭብጨባ ዘው ብሎ እንዳይገባ። በሩን ያንኳኳ። ማንም ካልመለሰለት ቆሞ ይጠብቅ፣ እኔ ቢሮዎ በር ላይ እንደጠበቅሁት። ሳሎኑ ውስጥ ራቁቷን የምትታጠብ አራስ አለች፤ በሩ ሥር ደግሞ ናን ኒኮላሳ በትሯን ይዛ ተቀምጣለች፤ እሷ ደግሞ ስፓኒሽ አትሰማም።